ቤዝ ጊታር በባንድ መካከል እንዲሰማ፦ ፕሪአምፕና ፔዳል ስለ መምረጥ

ይህን የምጽፈው ቤዝ ጊታር ለሚጫወቱ፣ በተለይም በሠርግ ድንኳንና በትንንሽ አዳራሾች እየሠሩ ድምፃቸው በባንዱ መካከል ለሚጠፋባቸው ባልደረቦቼ ነው። የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት አጠገብ በሚገኘው የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ ባንዳችንም የሚሠራው በአብዛኛው በዚሁ ዙሪያ፣ በአቃቂ፣ በቃሊቲ፣ በኮዬ ፈጬ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ዱከም ድረስ ነው። ለረጅም ጊዜ የእኔ ቤዝ ከፍ ሲደረግ ድንኳኑን በጉምጉምታ ይሞላው፣ ዝቅ ሲደረግ ደግሞ ጨርሶ አይሰማም ነበር። ነገሩ እየከፋ ሄዶ የባንዱ መሪ የቤዙን ሥራ የኪቦርዱ ግራ እጅ እንዲሸፍነውና ክፍያው ለቀሩት እንዲከፋፈል ሐሳብ እስከ ማቅረብ ደረሰ። ጉዳዩ የእንጀራ ጉዳይ ስለ ነበረ፣ ከዚያ በኋላ የተማርኩትን የተማርኩት በጭንቀት ውስጥ ሆኜ ነው፤ እናንተ በተረጋጋ መንፈስና በአነስተኛ ወጪ እንድትደርሱበት ስለምመኝ የሚጠቅመውን መርጬ አቀርባለሁ።

በቅድሚያ የሥራችንን ሁኔታ ማሰብ ያስፈልጋል። በውጭ አገር ያሉ ሙዚቀኞች ስለ ቤዝ ድምፅ ሲመክሩ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላቸው የራሳቸው ትልቅ አምፕሊፋየር እንዳለ ታሳቢ ያደርጋሉ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣውና እስከ ዛሬ እንደ መለኪያ የሚጠቀሰው የአምፔግ ኤስቪቲ 300 ዋት ጉልበት ያለው፣ ባለ 10 ኢንች ስምንት ስፒከሮች ከያዘ ከባድ ሳጥን ጋር የሚሠራ ነው። ከቱሉ ዲምቱ በሚኒባስ ታክሲ ወይም በሃይገር ተሳፍሮ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ግን ከጊታሩና ከአንድ ቦርሳ በቀር ሌላ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ የምንሰካው የሳውንድ አከራዩ ባመጣው ሚክሰር ላይ ነው፤ ድምፃችንም የሚወጣው የድምፃዊውና የኪቦርዱ ድምፅ ከሚወጣበት ከዚያው ስፒከር ነው። አምፕሊፋየሩ ይሠራው የነበረውን ሥራ በቦርሳ የሚያዝ ዕቃ ሊሠራልን ይገባል ማለት ነው፤ ያም ዕቃ ፕሪአምፕ ነው። ሌሎቹ ፔዳሎች፣ ማለትም በእግር እየተጫኑ ድምፅን የሚለውጡ ሳጥኖች፣ ሁሉ ከእርሱ በኋላ የሚታሰቡ ናቸው።

መጀመሪያ የገዛሁት ፕሪአምፕ የሎውና የሃይ፣ ማለትም የዝቅተኛውና የከፍተኛው ድምፅ፣ እንጂ የሚድ (የመሃለኛው ድምፅ) ማስተካከያ አልነበረውም፤ መሃለኛው ድምፅ ከፋብሪካው ጀምሮ ዝቅ ተደርጎ የተሠራ ነበር። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ድምፅ ስለሚያሳልፍና ጎረቤትም ማረፍ ስላለበት የምለማመደው በሄድፎን ነበር፤ በሄድፎን ደግሞ ያ ዕቃ እጅግ የሚያምር፣ ከታች የጠለቀ ከላይም ያበራ ድምፅ ይሰጥ ነበር። ለወራት በዚያ ድምፅ ተማርኬ ሎውንና ሃዩን ስጨምር ኖርኩ። በሥራ ቦታ ግን ያው ድምፅ ወይ ይጠፋል ወይ ያጉረመርማል። የዚህ ምክንያቱ በጆሯችን አሠራር ውስጥ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 በቤል ላብራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ፍሌቸርና መንሰን እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝግ ባለ መጠን ሲሰማ ጆሮ ዝቅተኛውን ድምፅ ከመሃለኛው ይልቅ በጣም አሳንሶ ይሰማል፤ መጠኑ ከፍ ሲል ግን ልዩነቱ ይጠባል። ስለዚህ ቤት ውስጥ በዝግታ እየሰማን ጆሯችንን እስኪያረካው የምንጨምረው ሎው በድንኳን ውስጥ ጮክ ብሎ ሲወጣ ከሚገባው በላይ ሆኖ ይገኛል። ቤት ውስጥ የምትመርጡትን ማንኛውንም ድምፅ ገና እንዳልተፈተነ ቁጠሩት።

ነገሩ የተለወጠው በአቃቂ አንድ ሠርግ ላይ፣ በሥራው ብዙ ዘመን ያሳለፉ የሳውንድ ባለሙያ ቀርበው ባነጋገሩኝ ጊዜ ነው። «ጋሼ፣ ቤዙ ለምን አይሰማም? እባክዎ ትንሽ ይጨምሩልኝ» ብዬ ለምኛቸው ነበር። እርሳቸውም «ልጄ፣ አንተ የምትልክልኝን ድምፅ እነዚህ ስፒከሮች አያወጡትም፤ እንዳይቀደዱብኝ ስል እቀንሰዋለሁ። እስቲ ሎውን ወደ መሃል መልሰውና ሚዱን ስጠኝ» አሉኝ። የእኔ ዕቃ ሚድ ስላልነበረው በሚክሰሩ ላይ ራሳቸው አስተካከሉት። ድምፁ ለብቻው ሲሰማ ደረቅና አፍንጫዊ ነበር፤ ባንዱ ሙሉ በሙሉ ሲጀምር ግን እያንዳንዱ ኖታ ጥርት ብሎ ተሰማ፣ ድራመራችንም ዞር ብሎ አየኝ። ለብቻው ሲሰማ የሚያምር ድምፅና በባንድ ውስጥ የሚሠራ ድምፅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። ፔዳልም ሆነ ፕሪአምፕ የምንመርጥበት ሚዛን ይህ እንዲሆን አጥብቄ እመክራለሁ።

ባለሙያው የነገሩኝን በኋላ በቁጥር ስመለከተው ይበልጥ ግልጽ ሆነልኝ። በአራት ክር ቤዝ ላይ ያለው ወፍራም ክር፣ ባዶውን ሲመታ፣ 41 ሄርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) ገደማ ነው፤ ቀጣዮቹ 55፣ 73 እና 98 ሄርዝ ናቸው፤ በአምስት ክር ቤዝ ላይ የሚጨመረው ደግሞ 31 ሄርዝ ገደማ ይወርዳል። በሠርግ ላይ የምናገኛቸው ባለ 15 ኢንች ስፒከሮች ያለ ሰብዉፈር ሲሠሩ ከ50 ሄርዝ በታች ያለውን እጅግ ደክመው ነው የሚያወጡት። ሆኖም ወፍራሙ ክር ሲመታ ከ41 ሄርዝ ጋር 82፣ 124 እና ከዚያ በላይ ያሉ ተከታይ ድምፆች አብረው ስለሚወጡ፣ ጆሮ እነዚህን ሰምቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። ዝቅተኛውን ድምፅ በግድ ለማውጣት መሞከር ግን ብዙ ጉልበት ያስከፍላል፤ በ3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) መጨመር የአምፕሊፋየሩን ጉልበት እጥፍ፣ በ6 ዴሲቤል መጨመር አራት እጥፍ፣ በ10 ዴሲቤል መጨመር ደግሞ አሥር እጥፍ ይጠይቃል። እኔ በሎው ቁልፍ እጨምር የነበረው ድምፅ የአከራዩን አምፕሊፋየር ጉልበት እየበላ ለሰሚው የማይደርስ ነበር። ከ30 እስከ 40 ሄርዝ በታች ያለውን የሚቆርጥ ማጣሪያ ያለው ፕሪአምፕ ካገኛችሁ፣ ይህ አንድ ቁልፍ ብቻውን ብዙ ፔዳል ከሚሰጠው ጥቅም በላይ ይሰጣል።

በእኛ ሙዚቃ ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። የኪቦርድ ተጫዋቾቻችን ለብቻቸው መሥራት ስለ ለመዱ ግራ እጃቸው ሁልጊዜ ቤዝ ይጫወታል፤ የድራሙ ኪክና ከበሮውም በዚያው በዝቅተኛው ክልል ይመታሉ። ሁሉም እዚያ ሲገናኙ የትኛውም ፔዳል አያድናችሁም። እኔ ከኪቦርድ ተጫዋቻችን ጋር ቁጭ ብዬ ተነጋግሬ፣ እኔ ስጫወት ግራ እጁን እንዲያነሣ ወይም አንድ ኦክታቭ ከፍ እንዲያደርግ ተስማማን፤ ይህ ንግግር ምንም ብር አላስወጣም፣ ለውጡም ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ ቀድሞ ተሰማ። ከዚህ ውጪ ከ80 እስከ 150 ሄርዝ ያለው ክልል የቤዙን ሙላት እንደሚሰጥ፣ ከ200 እስከ 300 ያለው ሲበዛ እንደሚያደፈርስ፣ ከ400 እስከ 800 ያለው ኖታው የትኛው እንደ ሆነ እንደሚያሳውቅ፣ ከ1,500 እስከ 3,000 ያለው ደግሞ የጣቱን ምት እንደሚያወጣ በጆሯችሁ ለይታችሁ ተለማመዱ። በካሴት ዘመን የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ የተጫወታቸውን ቤዞች በትንሽ ራዲዮ እንኳ መከታተል የምንችለው ይህ መሃለኛ ክልል ስላለ ነው፤ እነዚያን ቅጂዎች በስልክ ስፒከር ሳይቀር ብታዳምጧቸው ነገሩ ይገባችኋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊታሩ ከሚክሰሩ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው። ባትሪ የሌለው፣ ማለትም ፓሲቭ የሆነ ቤዝ በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ሲሰካ ድምፁ ይደነዝዛል፤ ምክንያቱም የሚክሰር የላይን መግቢያ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 20 ኪሎ ኦም ገደማ ሲሆን፣ የጊታሩ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) ግን ከ500 ኪሎ ኦም እስከ 1 ሜጋ ኦም የሆነ መግቢያ ይፈልጋል። መግቢያው ዝቅተኛ ሲሆን ፒክአፑ ይጫነውና ላይኛው ድምፅ ይሞታል። በዚህ ላይ ረጅም የጃክ ኬብል ሲጨመር ላይኛው ድምፅ ይብስ ይቀንሳል፣ ጫጫታውም ይበዛል። ጥሩ ፕሪአምፕ ወይም ዲአይ ቦክስ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈታዋል፤ ጊታሩን በ1 ሜጋ ኦም መግቢያ ተቀብሎ፣ ባለ ሦስት ፒን በሆነው የማይክ ኬብል እስከ ሚክሰሩ ድረስ ያለ ጫጫታ ይልከዋል። ባትሪ ያለው ቤዝ ካላችሁ የዚህ ችግር ክብደት ይቀላል፤ ነገር ግን ጃኩ ተሰክቶ እስካለ ድረስ ባትሪው እየተበላ ስለሚሄድ በእረፍት ሰዓት መንቀልን ልማድ አድርጉት፣ ድምፁ ሲሰነጠቅም ፔዳሉን ከመውቀሳችሁ በፊት ባትሪውን ቀይሩ።

እንግዲህ ሁለተኛውን ፕሪአምፕ ስመርጥ የፈለግሁት ስለ ስሙ ሳይሆን ስለ ቁልፎቹ ነበር። በመጀመሪያ ሚዱ ቦታው የሚለወጥ እንዲሆን ፈለግሁ፤ ይህም ማለት ምን ያህል መጨመር ብቻ ሳይሆን በየትኛው ሄርዝ ላይ መጨመር እንዳለበት የምወስንበት ሁለተኛ ቁልፍ እንዲኖረው ነው። የድንኳን ጉምጉምታ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ይህ ቁልፍ ለእኛ የግድ ነው። ቀጥሎ የማይክ ኬብል መውጫና በእርሱም ላይ ግራውንድን (የመሬት ሽቦውን ግንኙነት) የሚያላቅቅ ማብሪያ ማጥፊያ እንዲኖረው ፈለግሁ። የሄድፎን መውጫ ካለው በኮንዶሚኒየም ለምንኖር ሰዎች ትልቅ እረፍት ነው። ከሚክሰሩ በማይክ ኬብል በኩል በሚመጣው 48 ቮልት የሚሠሩም አሉ፤ መሰኪያ በሚጠብበት መድረክ ላይ ይህ ችሎታቸው ያገለግላል። የኤምኤክስአር፣ የቴክ 21 ሳንስአምፕ፣ የፊንላንዱ ዳርክግላስና የመሳሰሉት ስሞች በገበያ ይሰማሉ፤ እያንዳንዱም የተለያዩ ሞዴሎች ስላሉት በስሙ ሳይሆን ከላይ በዘረዘርኳቸው ነገሮች ለዩአቸው። ኪሳችሁ ለፕሪአምፕ የማይደርስ ከሆነ ተራ ዲአይ ቦክስና የባለ ሰባት ቁልፍ ኢኳላይዘር (የተለያዩ የድምፅ ክልሎች መጨመሪያና መቀነሻ) ፔዳል ተቀናጅተው አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ፤ የቦስ የቤዝ ኢኳላይዘር ለምሳሌ በ400፣ በ500 እና በ800 ሄርዝ ላይ ቁልፎች ስላሉት ለዚህ ዓላማ የሚመች ነው።

አሁን ብዙ ሰው ችላ ወደሚለው፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ ወደምጨነቅበት ጉዳይ ልምጣ፤ ይኸውም ኤሌክትሪክ ነው። አብዛኞቹ ፔዳሎች የሚፈልጉት 9 ቮልት ሲሆን፣ የመሰኪያው መሃል ኔጌቲቭ፣ ውጪው ፖዘቲቭ ነው። በየሱቁ በቀላሉ የምናገኛቸው የዋይፋይ ራውተርና የካሜራ አዳፕተሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት የሆኑና መሃላቸው ፖዘቲቭ ናቸው፤ ጫፋቸው በፔዳሉ ቀዳዳ ልክ ስለሚገባ ይስማማሉ ተብሎ ይታሰባል፣ መከላከያ የሌለውን ፔዳል ግን ወዲያው ያቃጥሉታል። በፔዳሉና በአዳፕተሩ ላይ የተሣሉትን የፕላስና የማይነስ ምልክቶች ሳታነጻጽሩ በፍጹም አትሰኩ። ከአሜሪካ በሰው እጅ የሚመጣ ዕቃ ካላችሁ ደግሞ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት በሰላም ይሠራል፣ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ግን ኮንቨርተር ያስፈልገዋል ወይም እዚሁ ተስማሚውን መግዛት ይሻላል። የሚሊ አምፔሩንም መጠን ደምሩ፤ አናሎግ ፔዳል ጥቂት ሚሊ አምፔር ሲበቃው፣ ዲጂታሉ ግን ከመቶ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ዲጂታልና አናሎግ ፔዳሎችን በአንድ አዳፕተር በተቀጣጠለ ሽቦ ማሠራት ሹክሹክታ የመሰለ ጫጫታ ያመጣል፤ መውጫዎቹ እርስ በርስ በኤሌክትሪክ የማይገናኙ የኃይል ማከፋፈያ ወይም ለዲጂታሉ ለብቻው አዳፕተር ይህን ያስቀራል።

የማያቋርጠው «እምምም» የሚል ድምፅ ሌላ ምንጭ አለው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ ስለ ሆነ ጫጫታው በ50 እና በ100 ሄርዝ ላይ፣ ማለትም በቤዙ በራሱ ክልል ውስጥ ይቀመጣል፤ በኢኳላይዘር ልቀንሰው ስትሉ ቤዙም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ከምንጩ መያዝ አለበት። የመጀመሪያው እርምጃ ፕሪአምፑና ሚክሰሩ ከአንድ ዲቫይደር ኤሌክትሪክ እንዲያገኙ ማድረግ ነው። ጫጫታው ከቀጠለ በፕሪአምፑ ላይ ያለውን የግራውንድ ማላቀቂያ ተጫኑ። ክሩን ስትነኩ የሚጠፋ፣ ስትለቁ የሚመለስ ጫጫታ ከሆነ ግን ችግሩ ያለው በጊታሩ የውስጥ ጫጫታ መከላከያ ሽፋንና በፒክአፑ ላይ ነው፤ ሁለት ፒክአፕ ያለው የጃዝ ቤዝ ዓይነት ከሆነ ሁለቱንም ቮልዩሞች እኩል መክፈት ጫጫታውን በእጅጉ ይቀንሳል፣ ለሁለት የተከፈለው የፕሪሲሽን ቤዝ ፒክአፕ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ጫጫታን እንዲያጠፋ ሆኖ የተሠራ ነው። ርካሽ ኢንቨርተር የሚሰጠው ኤሌክትሪክም ጥራት ስለሌለው ይጮኻል፤ በእርሱ ከመጫወት ፔዳሎቹን በ9 ቮልት ባትሪ ማሠራት ይሻላል።

አንድ ነገር ግን በአደራ ጭምር አሳስባችኋለሁ። ጫጫታን ለማጥፋት ሲባል ከመሰኪያው ላይ የግራውንዱን ሽቦ መቁረጥ ወይም በሁለት እግር መሰኪያ ማለፍ በየቦታው ይደረጋል። ጄኔሬተር በሚነሣበትና ሣሩ በዝናብ በራሰ ድንኳን ውስጥ፣ ክሩን የያዘ እጅና ማይክ የነካ ከንፈር ሁለት የተለያዩ ግራውንዶችን ሲያገናኙ ሰው ሊሞት ይችላል። የግራውንድ ማላቀቂያው የሚነካው የድምፁን ኬብል ብቻ ስለ ሆነ በእርሱ ተጠቀሙ፤ የኤሌክትሪኩን ግራውንድ ግን ማንም እንዲያስቀረው አትፍቀዱ። ማይኩ የሚነዝር ከሆነ ሥራው ቆሞ ኤሌክትሪሻን ይመልከተው፤ ትንሽዋን ቴስተር ከጊታራችሁ ቦርሳ አትለዩ።

ፕሪአምፑና ኤሌክትሪኩ ከተስተካከሉ በኋላ የጨመርኩት የመጀመሪያ ፔዳል ኮምፕረሰር ነው። በረጅም የሠርግ ሥራ ላይ ጣት ሲደክም አንዱ ኖታ ይጮኻል ሌላው ይወድቃል፤ የሳውንዱ ሰውም በሚጮኸው ልክ ሁሉንም ዝቅ ያደርገዋል። ኮምፕረሰሩ ይህን ልዩነት ስለሚያጠብ ቤዙ በአንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ሬሾውን (የሚጫንበትን መጠን) ከ3 ለ1 እስከ 4 ለ1፣ አታኩን (መጫን የሚጀምርበትን ፍጥነት) ዘግየት አድርጋችሁ ወደ 30 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ አስቀምጡት፤ አታኩ ከፈጠነ የጣቱን ምት ይውጠዋል። ድምፁን ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ያህል ሲጫን በቂ ነው፤ የሚጫነውን መጠን በመብራት የሚያሳዩ ኮምፕረሰሮች ለጀማሪ እጅግ ያስተምራሉ። ኮምፕረሰር የጊታሩንም ጫጫታ ከፍ እንደሚያደርግ አትርሱ፤ ኤሌክትሪኩን አስቀድሜ ያነሣሁት ለዚህም ጭምር ነው።

ኦቨርድራይቭ (ድምፅን የሚያሻክር ፔዳል) ለቤዝ የሚጠቅመው ለሮክ ብቻ ነው የሚል አስተሳሰብ በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። እኔ የምጠቀምበት ሰሚው መሻከሩን ሊያውቀው በማይችለው መጠን ነው፤ ትንሽ ሲጨመር ከኖታው በላይ ያሉትን ተከታይ ድምፆች ስለሚያበዛ ቤዙ በትንንሽ ስፒከሮችና በስልክ በሚቀረጽ ቪዲዮ ላይ ጭምር ይሰማል። ነገር ግን ለሊድ ጊታር የተሠራውን ተውሳችሁ አትጠቀሙ፤ ታዋቂው የኢባኔዝ ቱብ ስክሪመር ለምሳሌ ከ720 ሄርዝ ገደማ በታች ያለውን እየቀነሰ ነው የሚያሻክረው፣ ይህም ለሊድ ጊታር ትክክል ሲሆን ለቤዝ ግን ሥጋውን ይወስድበታል። ንጹሑን ድምፅ ከተሻከረው ጋር የሚቀላቅል የብሌንድ ቁልፍ ያለውን ፈልጉ፤ ንጹሑን አብዝታችሁ የተሻከረውን በጥቂቱ ጨምሩ። ኮረስ (ድምፁን እያወዛወዘ የሚያበዛ ፔዳል) የምትወዱ ከሆነ ዝቅተኛውን ድምፅ ሳይነካ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ያለውን ምረጡ፤ ካልሆነ መሠረቱ ይወላገዳል። ኖታውን አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጎ የሚጨምረው ኦክታቭ ፔዳል በወፍራሙ ክር ላይ 20 ሄርዝ ገደማ ስለሚፈጥር ምንም አይሰማም፤ በአንገቱ ላይ ወደ ላይ ወጥታችሁ በቀጫጭኑ ክሮች ስትጫወቱ ነው ጥቅሙ የሚታየው። ቅደም ተከተሉ ቱነር፣ ኦክታቭ፣ ኮምፕረሰር፣ ኦቨርድራይቭ፣ ኮረስ፣ በመጨረሻም ፕሪአምፕ ቢሆን በአብዛኛው ይሠራል።

ፔዳል ከመግዛታችሁ በፊት ግን ያለ ክፍያ የሚገኘውን ድምፅ አሟጡት። ወደ ብሪጁ ተጠግቶ መምታት ሚድን ይጨምራል፤ ወደ አንገቱ መራቅ ያለሰልሳል። በችክችካ ፍጥነት ኖታዎቹ ረዝመው ሲደራረቡ ሁሉም ይደፈርሳል፤ እኔ ለእንዲህ ዓይነቱ ዘፈን ትንሽ ቁራጭ ስፖንጅ ከብሪጁ አጠገብ ከክሮቹ ሥር አስገባለሁ፣ ኖታውም አጭርና ክብ ይሆናል። የጥንቶቹ የፌንደር ቤዞችም በብሪጅ ሽፋናቸው ሥር እንዲሁ ዓይነት ማፈኛ ነበራቸው። ለትዝታና ለሌሎች ዝግ ያሉ ዜማዎች ስፖንጁን አውጥቼ ኖታው እስከ መጨረሻው እንዲዘምር እተወዋለሁ። ይህ ልዩነት በየትኛውም ፔዳል የማይተካ ነው።

ስለ ግዢው ጥቂት ልበል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲተመን እጅግ ተወዷል፤ ስለዚህ አንድ ትክክለኛ ዕቃ ጠብቆ መግዛት ሦስት ያልተገባ ከመሸጥና ከመለወጥ ይሻላል። ያገለገለ ስትገዙ የራሳችሁን ጊታርና ኬብል ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁልፎቹን ሁሉ እያዞራችሁ መንኮሻኮሽ እንዳለ አድምጡ፣ የጃክ ቀዳዳዎቹን በጥቂቱ አንቀሳቅሱ፣ በማይክ ኬብል መውጫውም ከሚክሰር ጋር አገናኝታችሁ ሞክሩ፤ በሄድፎን ብቻ ሰምታችሁ አትክፈሉ። ከተቻለ ሻጩን ለምናችሁ አንድ የልምምድ ቀን ከባንዱ ጋር ሞክሩት። ገንዘቡ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነና ብዙ ዓይነት ድምፅ የሚፈልግ ሥራ ካላችሁ፣ እንደ ዙም ያሉት የቤዝ መልቲ ኢፌክቶች ኮምፕረሰሩንም፣ ኢኳላይዘሩንም፣ የሄድፎን መውጫውንም በአንድ ሳጥን ስለሚይዙ ተገቢ ምርጫ ናቸው፤ የማይክ ኬብል መውጫ ለሌላቸው ግን ዲአይ ቦክስ ጨምሩላቸው።

በሥራ ቦታ የምከተለው አሠራር ይህ ነው። ሁሉንም ቁልፎች መሃል ላይ አድርጌ እጀምራለሁ፤ ከዚያ የሳውንዱን ሰው የሚክሰሩን የቤዝ ቻናል ኢኳላይዘር መሃል ላይ እንዲተውልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፣ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ካስተካከልን ማን ምን እንዳደረገ አይታወቅምና። ባንዱ በሙሉ እየተጫወተ ሳለ ሚዱን ከ500 ሄርዝ ገደማ ጀምሬ በትንሹ እጨምራለሁ፣ ቤዙ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስም ቦታውን ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሳለሁ። ድንኳኑ ካጉረመረመ ሎውን ከመሃል በታች አወርዳለሁ እንጂ አጠቃላይ ድምፁን አልቀንስም። ጓደኛ ካለ ጊታሩን አስይዤ፣ ከሌለም አንድ ዙር በስልክ አስቀድቼ፣ ተጋባዦቹ በሚቀመጡበት ከድንኳኑ መሃል ሆኜ እሰማዋለሁ፤ መድረኩ ላይ የሚሰማው ከዚያ የተለየ ነው። ሲስማማኝ የቁልፎቹን አቀማመጥ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ የቦታውን ስም እጽፍበታለሁ፤ ወደዚያው አዳራሽ ወይም ተመሳሳይ ድንኳን ስንመለስ የሚቀረኝ የሎው ቁልፍን በጥቂቱ መነካካት ብቻ ነው።